የሚሮጥለት ሰው ካለ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «አንተ የታሪክ ሰው ነህና አንድ የታሪክ ጽሑፍ አይቅርብን» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ስለ ስድስት ኪሎ ግቢ ልጽፍ ቃል ገብቼ ነበር። ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ እንዴት የትምህርት ቤት እንደሆነ ሁለት ገጽ ያህል ጀምሬም ነበር። ከዚያ የባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የኳሱ ክርክር ተነሳና ሐሳቤን ሁሉ ወሰደው። አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝ። ቤተ መንግሥቱ የትም አይሄድም፣ ለሚቀጥለው ይቆየን።

ክርክሩን ላልተከታተላችሁ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ30ኛ ዓመት መገናኛችን ላይ፣ ከእኛ ዐሥር ዓመት በኋላ ከተመረቁት ጋር የእግር ኳስ ግጥሚያ ይደረጋል። የቡድናችን ዝርዝር ወጣ። ዐሥራ ስምንት ሰው ተመርጧል። ለአራት ዓመት መሐል ሜዳውን የመራው የድሮው አምበላችን ግን ከዐሥራ ስምንቱ ውስጥ የለም። ስሙ ከታች ለብቻው ሰፍሮ «የክብር አምበል፤ ዕጣ ያወጣል፣ ለተጫዋቾች ሰላምታ ይሰጣል» ተብሏል።

ወዲያው ግሩፑ ተንጫጫ። አንዱ «ሰውዬው እኮ 54 ዓመቱ ነው፣ አንድ ነገር ቢሆንስ ማን ሊጠየቅ ነው?» አለ። ሌላው «መሐል ሜዳ የሳንባ ቦታ ነው፤ በረኛ እሆናለሁ ካለ ይግባ» ሲል ቀለደ። አንዷ እህታችን ደግሞ «እሱ ከሌለማ ምኑን ልናይ ነው የምንመጣው?» ብላ ተቆጣች። እኔስ? ዝርዝሩ ሥር አውራ ጣት አስቀመጥኩ። ተስማምቻለሁ ማለት ነው። አምበሉ ራሱ ከሦስት ሰዓት በኋላ አንዲት ቃል ብቻ ጻፈ፦ «እሺ።»

አማርኛ የሚያውቅ ሰው «እሺ» ስንት ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። ይኼኛው እንቅልፍ ነሳኝ። በማግሥቱ ለተማሪዎቼ እንደማደርገው ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጻፍኩት፦ ያረጀ አማካይ ገና ሥራ አለው ወይ? ጥያቄው በእኛ ግሩፕ የተጀመረ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተጠይቋል፤ መልሱም የተመዘገበ ነው። እስቲ መዝገቡን አብረን እንየው። የውጪውን ዓመት እንደ አውሮፓውያን፣ የራሳችንን እንደ ራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከቤታችን እንጀምር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የቆመችው ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ከምትባለው ከግብጽ ጋር ነበር። የኢትዮጵያ አምበል የ26 ዓመቱ አማካይ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። አስመራ ተወልዶ በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ስሙን የተከለ ሰው። ግብጾች መጀመሪያ አገቡ። ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ግብጾች ወዲያው ደገሙ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሉቺያኖ ራሱ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ከዚያም መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩና 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ ስለሌለንም ደጋግመን እናወራዋለን።

ብዙ ጊዜ የማናወራው ከስድስት ዓመት በኋላ የሆነውን ነው። በጥር 1960 ዓ.ም. ውድድሩ እንደገና ወደ እኛ መጣ፤ በአዲስ አበባና በአስመራ ተካሄደ። ሉቺያኖ 32 ዓመት ሞልቶታል፣ ግን አሁንም ቡድኑ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ የምድቧን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈች። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ረታን፣ ለሦስተኛነት በተደረገው ጨዋታ ኮትዲቯር 1 ለ 0 አሸነፈን፣ አራተኛ ሆንን። ዋንጫውን ኮንጎዎች ወሰዱት። ይህን የምጠቅሰው «በሽማግሌ ምክንያት ተሸነፍን» ወይም «ሽማግሌው እስከዚያ አደረሰን» ለማለት አይደለም፤ ሁለቱንም ማለት ይቀላል፣ ማስረዳቱ ግን ከባድ ነው። የምጠቅሰው የዘመኑን ሕግ ለማሳየት ነው።

በዚያ ዘመን ኳስ ማለት ከገቡ መጨረስ ነበር። በዓለም ዋንጫ እንኳ ተቀያሪ ተጫዋች የተፈቀደው በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው፤ ያውም ሁለት ብቻ። አማካይ ደግሞ ከሜዳው ሰዎች ሁሉ ብዙውን ጊዜ የበለጠ የሚሮጥ ነው። ዛሬ በመሣሪያ ሲለካ በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይህ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሲሄድ ምን እንደሚመስል አስቡት። ስለዚህ ያኔ ለዕድሜ ባለጠጋ አማካይ የሚቀርበው ጥያቄ ጨካኝ ነበር፦ ሙሉውን ትችላለህ ወይስ አትችልም? ሃያ ደቂቃ የሚባል መልስ አልነበረም።

የእኛ ግሩፕ የጠየቀው ጥያቄም ይኸው የ1960 ጥያቄ ነው። ሙሉውን ይችላል ወይስ አይችልም? አይችልም። እንግዲያው ዕጣ ያውጣ። ኳሱ ግን ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተለውጧል!

አንደኛው ለውጥ የቦታ ነው። አንድሪያ ፒርሎን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ልጁ ሲጀምር ከአጥቂዎች ጀርባ የሚጫወት ነበር። በ2001 ከኢንተር በውሰት ወደ ብሬሺያ ሲሄድ ያ ቦታ ተይዟል፤ የያዘው ሮቤርቶ ባጆ ነው። ባጆን ማን ያስነሳል? አሰልጣኙ ካርሎ ማዞኔ ፒርሎን ወደ ኋላ ሳበውና ከተከላካዮች ፊት አቆመው። ልብ በሉ፣ ያኔ ፒርሎ ገና 21 ዓመቱ ነው። ለወጣትነቱ ተብሎ የተገኘው ቦታ ግን ለእርጅናው ቤት ሆነለት። እዚያ ቦታ ላይ ሰውን ሮጦ ማለፍ አያስፈልግም። ሜዳው ሁሉ ከፊትህ ነው፤ ኳስ ሳይደርስህ ቀና ብለህ ካየህ፣ ሲደርስህ የት እንደምትልከው ታውቃለህ።

ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ2011፣ ሚላን ፒርሎን ኮንትራቱ ሲያልቅ በነፃ ለቀቀው። 32 ዓመቱ ነበር። የወሰደው ጁቬንቱስ ነው፤ በዚያ ዓመት በሊጉ ሰባተኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን። በሚቀጥለው ዓመት ጁቬንቱስ 38 ጨዋታ አንድም ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። ፒርሎ በቆየባቸው አራት ዓመታት አራቱንም ዋንጫ ወሰደ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ «ጥበብ ጉልበትን አሸነፈች» የሚል ይመስላል። ብዙ ሰው የሚያወራውም እንዲሁ ነው። እኔ ግን ተማሪዎቼን የማስጠነቅቀው ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ ነው። ንጉሡን ብቻ አይቶ ስንቅ የተሸከመውን የማያይ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው። ፒርሎ ጁቬንቱስ በገባበት በዚያው ክረምት አርቱሮ ቪዳልም ገብቷል። ከጎኑ ክላውዲዮ ማርኪዚዮ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ፖል ፖግባ መጣ። ሚላን እያለም ከአጠገቡ ጄናሮ ጋቱሶ ነበር፤ ጋቱሶን ያየ ሰው ስለ ሩጫ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። የፒርሎ እግር የማይደርስበትን ሌላ እግር ይደርስበት ነበር። ኳሷን ነጥቆ የሚያመጣለት ሰው ስላለ ነው እሱ ኳሷን የሚያስባት።

ሁለተኛው ምስክሬ ዚነዲን ዚዳን ነው። ከ2004ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተ፤ በ2005 ክረምት ፈረንሳይ ለዓለም ዋንጫ ማለፍ ሲያቅታት ተመለሰ። ብቻውን አልተመለሰም፤ ክሎድ ማኬሌሌና ሊሊያን ቱራምም አብረውት ተመለሱ። ይህን አስታውሱልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

በ2006 ጀርመን ላይ የፈረንሳይ አጀማመር አሳፋሪ ነበር። ከስዊዘርላንድ 0 ለ 0፣ ከደቡብ ኮሪያ 1 ለ 1። ዚዳን በሁለቱም ቢጫ ካርድ አይቶ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ታገደ። ያ ጨዋታ ከቶጎ ጋር የተደረገው ሰኔ 23 ነው፤ ቀኑ የዚዳን 34ኛ የልደት ቀን ነበር። የፓትሪክ ቪየራም 30ኛ ልደት በዚያው ቀን ነው። ዚዳን ሲመለከት ቪየራ አገባ፣ አንሪ ጨመረ፣ ፈረንሳይ ያለ አምበሏ 2 ለ 0 አሸንፋ አለፈች። በዚያች ማታ «ያለ እሱ ይሻላል» ማለት ከባድ አልነበረም። ከአምበላችን ጋር ሆኜ ያየሁት ጨዋታ ነው። እኔም አልኩት፦ «በቃ፣ አሁንማ አያስገቡት።» አምበላችን ማኪያቶውን እያማሰለ «ቆይ» አለኝ።

ከአራት ቀን በኋላ ስፔን 3 ለ 1 ተሸነፈች። ሁለተኛው ጎል ከዚዳን ቅጣት ምት ቪየራ ያገባው ነው፣ ሦስተኛውን ዚዳን ራሱ አገባ። ብራዚል 1 ለ 0፤ የዚዳን ቅጣት ምት፣ የአንሪ ጎል። ፖርቹጋል 1 ለ 0፤ የዚዳን ፍፁም ቅጣት ምት። ፍጻሜው በርሊን ላይ እንዴት እንደተቋጨ ማስታወሱ አያስፈልግም። በፍፁም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ዋንጫውን ጣሊያን ወሰደች። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ግን እሱ ነው።

ያኔ ያላየሁትን አሁን አያለሁ። በእነዚያ ጨዋታዎች ሁሉ ከዚዳን ኋላ ማኬሌሌና ቪየራ ነበሩ። ዚዳን ኳስ ሲቀማ ተመልሶ የሚያሳድደው እሱ አልነበረም። ማኬሌሌም 33 ዓመቱ ስለነበር ነገሩ የዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ክፍፍል ነው። ስለዚህ «ዚዳን በ34 ዓመቱ ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጎደሎ ነው። ሙሉው ጥያቄ «ማኬሌሌና ቪየራ ካሉለት ይችላል ወይ?» ነው።

የሚቃወመኝን ማስረጃ ልደብቅ አልፈልግም። ሎታር ማቴውስ አለ። በ1990 የጀርመን አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን ያነሳ ሞተር የሆነ አማካይ ነበር። ሲያረጅ ወደ ኋላ ሄዶ ሊበሮ ሆነ፣ ሠራለትም። በ1999 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በ38 ዓመቱ ለባየርን ሙኒክ ተሰልፎ፣ ቡድኑ 1 ለ 0 እየመራ 80ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ ወጣ። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎቻችን የቀረውን በሕልማቸው ጭምር ያውቁታል፤ በባከነ ሰዓት ሼሪንግሃም፣ ከዚያ ሶልሻየር። ማቴውስ ያን ሁሉ ተቀምጦ አየ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በ2000 የአውሮፓ ዋንጫ ግን በ39 ዓመቱ እንደገና ለጀርመን ተሰለፈ። ጀርመን ከሩማንያ አቻ ወጣች፣ በእንግሊዝ ተሸነፈች፣ በመጨረሻም ፖርቹጋል 3 ለ 0 አሸነፈቻት፤ በአንድ ነጥብ ከምድቧ መጨረሻ ሆና ወደ ቤቷ ተመለሰች። የማቴውስ 150ኛና የመጨረሻ ጨዋታው ያ ሆነ። ስህተቱ የማን ነው? አንድ 39 ዓመት የሞላው ሰው ብቻውን ያን ያህል አያበላሽም። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ዓለም ሊበሮን ትቶ በመስመር ወደሚከላከል አራት ሰው ተሸጋግሯል። ጀርመኖች ሽማግሌውን ብቻ ሳይሆን ሽማግሌው የሚኖርበትን አሮጌ ቤትም ይዘው ቀርበዋል። በዙሪያውም እንደ ቪዳል ወይም እንደ ማኬሌሌ የሚሸከመው አልተገኘም። ለእኔ ማቴውስ የሚያስተምረው «አያስገቡት» የሚለውን አይደለም። ለአንጋፋ ሰው ቦታ መስጠትና አንጋፋው እንዲሠራ ቡድን ማዘጋጀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለእኛ ለፈራጆቹ አለ። ፖል ስኮልስ በ2011 ጫማውን ሰቀለ፤ ጥር 8 ቀን 2012 በኤፍኤ ካፕ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ሲጫወቱ ማንም ሳያስበው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ታየ። 37 ዓመቱ ነው። ተቀይሮ ሲገባ ዩናይትድ 3 ለ 1 ይመራል፣ ሲቲ በአንድ ሰው ጎድሏል። ከገባ በኋላ ግን የእሱ የተበላሸ ኳስ ለሲቲ ሁለተኛ ጎል ሆነና ጨዋታው 3 ለ 2 አለቀ። የእኛ ባች ግሩፕ ያኔ ቢኖር ኖሮ ስኮልስን በዚያች ማታ ዕጣ አውጪ እናደርገው ነበር! በስድስተኛው ቀን ከቦልተን ጋር ተሰልፎ አገባ። ዩናይትድ በዚያ ዓመት ከሲቲ ጋር እኩል 89 ነጥብ ይዞ ዋንጫውን በጎል ልዩነት አጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወሰደው፣ ስኮልስም በድጋሚ፣ አሁን ለመጨረሻ ጊዜ፣ ተሰናበተ። ሰላሳ ደቂቃ አይቶ የሚፈርድ ሰው አንዳንዴ የሚፈርደው በሰውዬው ላይ አይደለም፤ በቆይታው ምክንያት በዛገው ነገር ላይ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ለውጥ ልምጣ፤ እሱ የሰዓት ነው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት አንድ ቡድን አምስት ተጫዋች እንዲቀይር ለጊዜው ተፈቀደ። በ2022 ቋሚ ሕግ ሆነ። ሕጉ የወጣው የሁሉንም ተጫዋቾች ድካም ለማቅለል ነው። በዚያው ግን ለአንጋፋው አማካይ የድሮው ሕግ የከለከለውን ነገር ሰጠው፦ ልክ ያለው ሰዓት። ሃያ ደቂቃ ወይም ስልሳ ደቂቃ ተጫውቶ መውጣት ውርደት መሆኑ ቀረ።

የሉካ ሞድሪችን የመጨረሻ የማድሪድ ዓመታት ያለዚህ ማሰብ ይከብዳል። ሚያዝያ 12 ቀን 2022 በሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ቼልሲ ማድሪድን በሜዳው 3 ለ 0 እየመራ ነበር፤ በደርሶ መልስ ሲታይ ማድሪድ ወጥቷል። 80ኛው ደቂቃ ላይ የ36 ዓመቱ ሞድሪች በቀኝ እግሩ ውጪኛ ጎን ያን ኳስ ላከ፣ ሮድሪጎ ሳያወርዳት መታት፣ ገባች። ማድሪድ አለፈ፤ በመጨረሻም ዋንጫውን ወሰደ። ሁላችንም የኳሷን ውበት እናወራለን። ነገር ግን ሮድሪጎ 21 ዓመቱ ነበር፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ተቀይሮ በአዲስ ጉልበት የገባ ነው። ከእሱም ቀደም ብሎ የ19 ዓመቱ ካማቪንጋ ገብቶ መሐል ሜዳው ላይ እየሮጠ ነበር። ሮድሪጎ ወደዚያ ባዶ ቦታ ባይሮጥ ኖሮ ያቺ ኳስ «ሽማግሌው ሜዳ ላይ ዓይኑ ፈዘዘ» ተብላ ወደ ውጪ የምትወጣ ኳስ ነበረች። ቆንጆ ኳስና የተበላሸ ኳስ የሚለያዩት ብዙ ጊዜ በሯጩ ነው።

ሞድሪች ከዚያ በኋላም አላቆመም። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ከጣሊያን ጋር ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ ወዲያው በሚቀጥለው ቅጽበት አገባ፤ በ38 ዓመቱ በውድድሩ ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ጎል አስቆጣሪ ሆነ። ተቀይሮ ወጥቶ ወንበር ላይ ሳለ ጣሊያን በባከነ ሰዓት አቻ አደረገችና ክሮኤሺያ ቀረች። በ2025 ከማድሪድ ወደ ሚላን ሄደ፤ 40ኛ ዓመቱን እዚያ አከበረ። ባልደረባው ቶኒ ክሮስ ደግሞ ሌላውን መንገድ መረጠ። በ2024፣ በ34 ዓመቱ፣ ክለቡ ቀጥል እያለው፣ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አንስቶ ተሰናበተ። አንዱ እስከቻለ ቆየ፣ አንዱ ሳይለምኑት ሄደ። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፤ ውሳኔው ላይ የራሳቸው ቃል ነበረበት።

እዚህ ጋ ስደርስ ነው አውራ ጣቴ ያሳፈረኝ።

እናንተ ምናልባት አታስታውሱት ይሆናል። በ1987 ዓ.ም. በዲፓርትመንቶች ውድድር ፍጻሜ ላይ እኔ አምበላችን አጠገብ ነው የተጫወትኩት። ኳስ ላይ ብልሃት አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም። ሳንባ ግን ነበረኝ። አምበላችን ከጨዋታው በፊት የሰጠኝ መመሪያ አንድ ብቻ ነው፦ «አንተ ንጠቅና ለእኔ ስጥ፤ የቀረውን ተወው።» ነጠቅሁ፣ ሰጠሁ። 2 ለ 1 አሸነፍን። ሁለቱም ኳሶች ከእሱ እግር የወጡ ናቸው። በሸክም ያነሱት እሱን ነው፤ እኔም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርኩ፣ ደስ ብሎኝ። ለሠላሳ ዓመት «የእሱ ፍጻሜ» እያልን አወራነው። ያን ቀን ግን አንድ ሰው ብቻውን አልተጫወተም። ዛሬ «እግሩ ደክሟል» ብለን ስንፈርድበት፣ ያኔም ቢሆን ግማሹ እግር የእሱ እንዳልነበረ ረስተናል። የእኔ ነበር።

እናም ደወልኩለት። በድሮው ስሙ «አምበል» አልኩት። «አቤት ታሪክ» አለኝ፤ እሱም የድሮውን አልረሳም። ስለ ዝርዝሩ አነሳሁበት። ትንሽ ዝም አለና «ዕጣ ማውጣቱ አልከፋኝም። ዘጠና ደቂቃ እንደማልችል ከእናንተ በፊት አውቄዋለሁ፤ ደረጃ ስወጣ የምቆመው እኔ ነኝ። የከፋኝ ማናችሁም ደውላችሁ አለመጠየቃችሁ ነው» አለኝ። ምን እላለሁ? ዕድሜ አይደለም ሰውን ከሜዳ የሚያስወጣው ለካ፤ ሳይጠይቁት ስለ እሱ መወሰን ነው።

«ብንጠይቅህስ ምን ትል ነበር?» አልኩት።

«ሃያ ደቂቃ። ከተከላካዮቹ ፊት። ሐኪሜን አማክሬያለሁ፣ ልቤ ደህና ነው፣ ጉልበቴ ነው የሚያኮርፈው። ግን አንድ ነገር አለ» አለ።

«ምን?»

«ማን ይሮጥልኛል?»

«እኔ» አልኩት፤ ሳላስበው። ስቆ ስቆ ሊሞት! «አንተማ ራስህ የሚሮጥልህ ያስፈልግሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ባለፈው ዓመት ታክሲ ለመያዝ ሮጬ ሁለት ቀን ተኝቻለሁ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በአንድ ማመልከቻ እቋጫለሁ። ለዝግጅት ኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴው በበጎ ልቦና፣ ለጤናው በማሰብ እንደወሰነ አውቃለሁ፣ ወቀሳ አይደለም። አንደኛ፣ ይህ የወዳጅነት ጨዋታ ነው፤ እንደፈለግን መቀያየር እንችላለን። የ1960ው ሕግ አይገዛንም። ሁለተኛ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር አምበሉ ለሃያ ደቂቃ ይግባ፣ ከተከላካዮቻችን ፊት ይቁም። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ የምትወጡት ሁለቱ ጓደኞቻችን፣ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ በእሱ ግራና ቀኝ ግቡ። ንጠቁና ስጡት፤ የቀረውን ተዉት። እኔ እንዴት እንደሚደረግ አስረዳችኋለሁ፤ ከጎን ቆሜ። አራተኛ፣ ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ እጁን ካነሳ አትለምኑት፤ ይውጣ። መግባቱን እንደጠየቅነው መውጣቱንም ለእሱ እንተውለት።

ለልምምድ በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ጠዋት አንድ ሰዓት ጃንሜዳ እንገናኝ። ኳስ እኔ አመጣለሁ። መጽሔቱ ማተሚያ ቤት የሚገባው ከጨዋታው በፊት ስለሆነ ውጤቱን መጻፍ አልችልም። ማሸነፋችንንም አልተማመንበትም፤ እነዚያ ልጆች ገና አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ናቸው። ዝርዝሩ ሥር ያስቀመጥኩትን አውራ ጣት ግን አንስቻለሁ። እናንተም ያስቀመጣችሁ፣ ከማንሳታችሁ በፊት ስልኩን አንሱና ደውሉለት።